የመጎተት አቅምና የመሸከም አቅም፦ የከባድ ተሽከርካሪዎችና የተሳቢዎቻቸው ክብደት ጉዳይ

አገሪቱ ከምታስገባውና ከምታስወጣው ዕቃ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ወደብ በኩል የሚያልፍ መሆኑ ይታወቃል። ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት ያለው የአዲስ አበባ-ጅቡቲ የባቡር መስመር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 መጀመሪያ መደበኛ የንግድ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ የጭነቱን የተወሰነ ድርሻ የተረከበ ቢሆንም፣ አብዛኛው ጭነት ዛሬም በከባድ ተሽከርካሪዎችና በተሳቢዎቻቸው ላይ ተጭኖ በአስፋልት መንገድ የሚጓዝ ነው።

ስለ እነዚህ ተሽከርካሪዎች በሚካሄዱ ውይይቶች፣ በግዥ ሰነዶችም ሆነ በትራንስፖርት ማህበራት ስብሰባዎች፣ አዘውትሮ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም መኪናው ስንት ኩንታል ይጎትታል የሚለው ነው። ከሚጎተተው ክብደት ውስጥ ምን ያህሉ በጎታቹ መኪና ጀርባ ላይ ያርፋል፣ ያረፈው ክብደትስ በየትኛው አክስል በኩል ወደ መንገዱ ይወርዳል የሚለው ጥያቄ ግን እምብዛም ሲነሳ አይሰማም። ለመንገድ ጥገና በየዓመቱ ከሚወጣው ገንዘብና በቁልቁለት ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ጋር ይበልጥ የሚገናኘው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

የመጎተት አቅም የሞተሩ ጉልበት፣ የማርሹ፣ የዲፈረንሻሉ፣ የማቀዝቀዣውና የፍሬኑ ጉዳይ ነው። የመሸከም አቅም በአንጻሩ የሻንሲው፣ የባሌስትራው፣ የአክስሉና የጎማው ጉዳይ ነው። አንድ መኪና በመጀመሪያው ጠንካራ፣ በሁለተኛው ደግሞ ደካማ ሊሆን ይችላል። ሻጮች በማስታወቂያቸው ጎላ አድርገው የሚያወጡት የመጀመሪያውን ቁጥር በመሆኑ ገዢው ሁለተኛውን ሳያይ የሚፈርምበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ደግሞ በከባዱ መኪና ላይ ሳይሆን በትንሹ፣ ማለትም በፒክአፕ ላይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ቤተሰቦች ለጉዞና ለማረፊያ የሚጠቀሙባቸው ትላልቅ ተሳቢ ቤቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከባዶቹ እንደ ተራ ተሳቢ ከመኪናው ኋላ ባለ የብረት ኳስ ላይ የሚታሰሩ ሳይሆኑ፣ በፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ ከኋላ አክስሉ በላይ በሚተከል ማያያዣ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። አሠራሩ የከባድ መኪና ከፊል ተሳቢ ከሚያርፍበት ክብ ሰሌዳ ጋር አንድ ዓይነት ነው። ይህ አያያዝ ተሳቢው በነፋስና በፍጥነት ምክንያት ወዲያና ወዲህ እንዳይወላወል የሚረዳ በመሆኑ ተመራጭ ነው። ዋጋው ግን አለ። በኳስ የሚታሰር ተሳቢ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነውን በጎታቹ ላይ ሲያሳርፍ፣ በካሶኒ ውስጥ የሚቀመጠው ከ15 እስከ 25 በመቶ ድረስ ያሳርፋል።

ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ሙሉ ክብደቱ 7,000 ኪሎ ግራም የሆነ ተሳቢ 20 በመቶውን በማያያዣው ላይ ቢያሳርፍ 1,400 ኪሎ ግራም ይሆናል። ማያያዣው ራሱ 90 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል ቢባልና በመኪናው ውስጥ እያንዳንዳቸው 75 ኪሎ ግራም የሚመዝኑ አራት ሰዎች ቢሳፈሩ ድምሩ 1,790 ኪሎ ግራም ይደርሳል። በአሜሪካ ሕግ መሠረት በሾፌሩ በር አካባቢ የሚለጠፈው ሰሌዳ የሰዎችና የዕቃ ክብደት በድምሩ ከምን ያህል መብለጥ እንደሌለበት በግልጽ ያሳያል። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው 1,300 ኪሎ ግራም ከሆነ መኪናው ገና ከመነሳቱ 490 ኪሎ ግራም በላይ ጭኗል ማለት ነው። ሻጩ መኪናው ከ7,000 ኪሎ ግራም በላይ ይጎትታል ሲል የተናገረው እውነት ሊሆን ይችላል፤ ተሳቢው ግን ለዚያ መኪና የሚሆን አይደለም።

ነገሩን ይበልጥ አስገራሚ የሚያደርገው የናፍጣ ሞተር ጉዳይ ነው። በመካከለኛው ምድብ የሚገኙት የአሜሪካ ፒክአፖች ብዙዎቹ ጠቅላላ ክብደታቸው በ10,000 ፓውንድ፣ ማለትም በ4,536 ኪሎ ግራም ላይ እንዲቆም ተደርጎ የሚመዘገቡ ናቸው፤ ምክንያቱም ከዚህ ወሰን በላይ ያለው መኪና በሌላ የክብደት ምድብ ውስጥ ይገባል። ጣሪያው ቋሚ በመሆኑ በመኪናው አካል ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ከሚጫነው ላይ የሚቀነስ ነው። የናፍጣ ሞተር ከቤንዚኑ በጥቂት መቶ ኪሎ ግራም ይከብዳል። በዚህም የተነሳ የበለጠ ለመጎተት ሲል ናፍጣውን የመረጠ ገዢ የበለጠ ጉልበትና ያነሰ የመሸከም አቅም ያለው መኪና ይዞ ይወጣል። ባለአራት በር ጋቢና፣ የቆዳ ወንበርና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ሥርዓት ሲጨመርበትም የመሸከም አቅሙ እየተሸራረፈ ይሄዳል። ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ስም የወጡ ሁለት መኪኖች በበራቸው ላይ የሚለጠፈው ቁጥር በብዙ መቶ ኪሎ ግራም ሊለያይ የሚችለውም ለዚህ ነው።

በአገር ቤት ጋራዦች ዘንድ እንደ መፍትሔ የሚወሰደው ባሌስትራ መጨመር መሆኑ የታወቀ ነው። መኪናው ከኋላ መስመጡን ስለሚያቆም ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ነገር ግን የአክስሉ፣ የመሸከሚያ ኩሽኔቶቹ፣ የጎማዎቹና የፍሬኑ አቅም ባሌስትራ በመጨመሩ ከፍ አይልም። እንዲያውም የመስመጥ ምልክቱ በመጥፋቱ ሾፌሩ ከአቅም በላይ መጫኑን የሚያውቅበት አንድ ማስጠንቀቂያ አብሮ ይጠፋል።

ይህ ስሌት ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም እንግዳ ሊሆን አይገባም። በየወረዳው የሚሰማሩት ደብል ጋቢና ፒክአፖች በተለያዩ አገሮች ገበያ 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለፍሬን ተሳቢ ይጎትታሉ ተብለው ከሚሸጡት ጋር በዓይነት ተመሳሳይ ናቸው። ለምሳሌ ባዶ ክብደቱ 2,100 ኪሎ ግራም የሆነና ከነተሳቢው ከ5,850 ኪሎ ግራም እንዳይበልጥ በአምራቹ የተወሰነ ፒክአፕ ይወሰድ። ይህ መኪና 3,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የውሃ ቦቴ ወይም ጄኔሬተር ከኋላው ካሰረ ለራሱ የሚቀረው 2,350 ኪሎ ግራም ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ባዶ ክብደቱ ሲቀነስ 250 ኪሎ ግራም ይተርፋል። ሾፌርና ሁለት ባለሙያዎች ከተሳፈሩ በኋላ ለመለዋወጫ ጎማ፣ ለመሣሪያ ሳጥንና ለመጠባበቂያ ነዳጅ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። አምስት ሰው አሳፍሮ፣ ካሶኒውን ሞልቶ፣ በተጨማሪም 3,500 ኪሎ ግራም እንዲጎትት ታስቦ የተገዛ መኪና ከመጀመሪያው ያልነበረ መኪና ነው የተገዛው ማለት ይቻላል።

ወደ ከባዱ ተሽከርካሪ ሲመጣ ስሌቱ በመርህ ደረጃ ያው ሆኖ የሚያስከትለው መዘዝ ይሰፋል። በዚህ ረገድ የምሥራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ያወጣው የተሽከርካሪ ጭነት ቁጥጥር ሕግና እሱን ተከትለው የወጡት ደንቦች ለማነጻጸሪያ ይጠቅማሉ። በዚህ ሥርዓት መሠረት የፊት አክስል 8 ቶን፣ ነጠላ የኋላ አክስል 10 ቶን፣ ጥንድ አክስል 18 ቶን፣ ባለሦስት አክስል ስብስብ ደግሞ 24 ቶን እንዳይበልጥ ተወስኗል። የአንድ ተሽከርካሪ ከነተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ጣሪያም 56 ቶን ነው። በኢትዮጵያም ለፊት አክስል 8 ቶን፣ ለሌላው ነጠላ አክስል 10 ቶን የሚለው ገደብ ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየ ነው። በሞያሌ በኩል ከኬንያ ጋር የሚደረገው የጭነት ምልልስ እየጨመረ በሄደ ቁጥር የሁለቱ አገሮች ሾፌሮች በአንድ መንገድ ላይ በአንድ ሚዛን የሚለኩ መሆናቸው አይቀርም።

ሦስት አክስል ያለው ጎታችና ሦስት አክስል ያለው ከፊል ተሳቢ በዚህ ሕግ መሠረት 8፣ 18 እና 24 ተደምሮ እስከ 50 ቶን ሊመዝኑ ይችላሉ። ጎታቹ ባዶውን 9 ቶን፣ ተሳቢው 7.5 ቶን፣ ጭነቱ ደግሞ 26 ቶን ቢሆን ድምሩ 42.5 ቶን ነው። ከጣሪያው በ7.5 ቶን ያነሰ በመሆኑ ማንም ተመልካች ሕጋዊ ነው ሊል ይችላል። ጭነቱ በተሳቢው ላይ በአግባቡ ተመጣጥኖ ከተቀመጠና ከጭነቱ 40 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው በኩል ወደ ጎታቹ ከሄደ በእርግጥም ሕጋዊ ነው፤ የጎታቹ ጥንድ አክስል 15.4 ቶን አካባቢ ይሸከማል። ነገር ግን በማያያዣውና በተሳቢው አክስሎች መካከል ያለው ርቀት 7.5 ሜትር በሆነበት ተሳቢ ላይ ያው 26 ቶን በ1.2 ሜትር ብቻ ወደ ፊት ተገፍቶ ቢጫን፣ ወደ ጎታቹ የሚሄደው ድርሻ ከ40 ወደ 56 በመቶ ይወጣል። በዚህን ጊዜ የጎታቹ ጥንድ አክስል ከ19 ቶን በላይ ይሸከማል። ጠቅላላ ክብደቱ በአንድ ኪሎ ግራም እንኳ ሳይጨምር ሕግ ተጥሷል።

ይህን ሾፌሩ በዓይኑ አይቶ ሊያውቅ አይችልም። ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ታሽጎ የመጣ ከሆነ ውስጡ ያለው ከባድ ዕቃ በየትኛው ጫፍ እንደተደረደረ የሚያውቀው የጫነው አካል ብቻ ነው። በመሆኑም ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ ያለው አይደለም።

እዚህ ላይ ከፊል ተሳቢና ሙሉ ተሳቢ ተለይተው መታየት አለባቸው። በአገሪቱ መንገዶች ላይ በብዛት የሚታየው፣ የራሱ የፊት አክስል ያለውና በመጎተቻ ዘንግ የሚያያዘው ሙሉ ተሳቢ በፊተኛው መኪና ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የእሱ ችግር ሌላ ነው፤ የፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደውና ወደ ደጀን የሚወጣው መንገድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ የሚወጣ ነው። በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው የህዳሴ ድልድይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ከተመረቀ ጀምሮ የወንዙ መሻገሪያ እፎይታ ያገኘ ቢሆንም ቁልቁለቱ ግን ያው ቁልቁለት ነው። ሽቅብ ለመውጣት የሚበቃ ሞተር ያለው መኪና ቁልቁል ሲወርድ የተሳቢውን ግፊት የሚቋቋም ፍሬን አለው ማለት አይደለም። የተሳቢው ፍሬን በአግባቡ የማይሠራ ከሆነ መላው ክብደት በፊተኛው መኪና ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ከመጠን በላይ የተጫነ ተሳቢ ዳገት ላይ ቢያዘግምም ይወጣል፤ ችግሩ የሚገለጠው ከዳገቱ ማዶ ነው።

ክብደት በመንገድ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት ከክብደቱ ጋር እኩል እየጨመረ የሚሄድ አይደለም። ይህን በተመለከተ እስከ ዛሬ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ጥናት ከ1958 እስከ 1960 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ኦታዋ በተባለች ከተማ አቅራቢያ የተካሄደው ሙከራ ነው። ለሙከራው ተብለው በተሠሩ መንገዶች ላይ የአገሪቱ ጦር ሾፌሮች ክብደታቸው የታወቀ የጭነት መኪኖችን ለሁለት ዓመታት ያህል ሌትና ቀን ሲያመላልሱ ቆይተዋል። ከዚህ የተገኘው ውጤት ጉዳቱ የአክስሉ ክብደት በራሱ አራት ጊዜ ተባዝቶ በሚሰጠው መጠን እንደሚጨምር የሚያመለክት ነበር። አንድ አክስል ከሌላው በእጥፍ ቢከብድ የሚያደርሰው ጉዳት 16 ጊዜ ይበልጣል ማለት ነው። 10 ቶን የሚመዝን የጭነት መኪና አክስል 800 ኪሎ ግራም ከሚመዝን የአውቶሞቢል አክስል ጋር ሲነጻጸር ከ24,000 ጊዜ በላይ ጉዳት ያደርሳል።

በኢትዮጵያ የመንገድ ንድፍ መመሪያ ይኸው ስሌት ጥቂት ጠበቅ ተደርጎ ተወስዷል። 8.16 ቶን የሚመዝነው መደበኛ አክስል እንደ አንድ ሲቆጠር፣ በሕግ የተፈቀደው ባለ10 ቶን አክስል ሁለት ተኩል ያህል መደበኛ አክስሎችን ይተካል። 13 ቶን የጫነ አክስል ግን ከስምንት መደበኛ አክስሎች ጋር እኩል ነው። ባለንብረቱ 30 በመቶ ተጨማሪ ጭኖ 30 በመቶ ተጨማሪ ኪራይ ሲያገኝ መንገዱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይጎዳል። የተሽከርካሪው ቁጥር ሳይለወጥ ሁሉም በዚህ መጠን ቢጭኑ ለ20 ዓመት ታስቦ የተሠራ አስፋልት በስድስት ዓመት ገደማ ዕድሜውን ይጨርሳል። ትርፉ ለአንድ ወገን፣ ኪሳራው ለሌላ ወገን መሆኑ ነው ቁጥጥርን የግድ የሚያደርገው፤ መንገዱ የባለንብረቱ ቢሆን ኖሮ ማንም ሳያስገድደው ጭነቱን በቀነሰ ነበር።

በሞጆና በአዋሽ ያሉትን ጨምሮ በዋና ዋና መስመሮች ላይ የተተከሉት የክብደት መቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የተቋቋሙት ይህንን ለመግታት ነው። የጣቢያዎቹ ጠቀሜታ የሚያጠያይቅ አይደለም። ይሁን እንጂ መንገድ ዳር የሚደረግ ቁጥጥር በባህሪው ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ከመጠን በላይ የጫነ ተሽከርካሪ ጣቢያው ላይ ሲደርስ ከመጫኛው ቦታ እስከዚያ ያለውን መንገድ አስቀድሞ ጎድቶታል። ትርፉን ለማራገፍ መጋዘንና የሰው ኃይል ያስፈልጋል፤ እህል ወይም ሲሚንቶ ከሆነም ዝናብ አለ። ቅጣት አስከፍሎ ማሳለፍ ደግሞ ለመንግሥት ገቢ ያስገኝ እንደሆነ እንጂ ለቀሪው መንገድ የሚሰጠው ጥበቃ የለም። በዚህ ምክንያት የበለጠ ውጤት የሚገኘው ጭነቱ በሚነሳበት ቦታ፣ ማለትም በሲሚንቶና በስኳር ፋብሪካዎች፣ በደረቅ ወደቦችና በትላልቅ መጋዘኖች በር ላይ የየአክስሉ ክብደት ተለክቶ መኪናው እንዲወጣ ሲደረግ ነው። የነዚህ ተቋማት ብዙዎቹ ሚዛን የሌላቸው አይደሉም፤ ሚዛናቸው የሚለካው ግን ለሽያጭ የሚሆነውን ጠቅላላ ክብደት እንጂ በየአክስሉ ያረፈውን አይደለም።

ኃላፊነቱን ከሾፌሩና ከባለንብረቱ ባሻገር ማስፋትም ሌሎች አገሮች የሄዱበት መንገድ ነው። በአውስትራሊያ በሥራ ላይ ያለው የከባድ ተሽከርካሪዎች ሕግ ላኪውን፣ ጫኙን፣ የጉዞ መርሐ ግብር የሚያወጣውንና ተቀባዩን ጭምር ተጠያቂ የሚያደርግ ሲሆን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 በተደረገለት ማሻሻያ ይበልጥ ጠንክሯል። በዚህ ሥርዓት ሾፌሩ ከአቅም በላይ እንዲጭን ያስገደደ ወይም ያግባባ ሁሉ ከሾፌሩ ጎን ይቆማል። በእርግጥ ሾፌር ብቻውን ሲቀጣ ጭነቱን የወሰነው አካል በሚቀጥለው ቀን ለሌላ ሾፌር ያንኑ ያህል ከመጫን የሚያግደው ነገር አይኖርም።

ሌላው አማራጭ ገደቡን ራሱን ከፍ ማድረግ ነው። ሕንድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 2018 ይህን አድርጋለች፤ የነጠላ አክስል ጣሪያ ከ10.2 ወደ 11.5 ቶን ከፍ እንዲል ወስናለች። እርምጃው የማጓጓዣ ወጪን ለመቀነስና በተግባር ሲሠራበት የቆየውን ከሕግ ጋር ለማስታረቅ የታሰበ ነበር። ሆኖም ከላይ በተጠቀሰው ስሌት መሠረት 13 በመቶ የማይሞላው ጭማሪ በአስፋልቱ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በ60 በመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ለዚህ የሚሆን ወፍራም መንገድ አስቀድሞ ያልሠራ አገር ይህን አማራጭ መከተል አያዋጣውም። የተሻለው፣ ክብደቱን በብዙ አክስል ላይ ማከፋፈል ነው። ያንኑ ጭነት በሁለት አክስል ፈንታ በሦስት አክስል ላይ ማሳረፍ የመንገዱን ጉዳት በብዙ እጥፍ የሚቀንስ ሲሆን ለባለንብረቱ የሚያስከትለው ወጪ ግን የጥቂት ጎማዎችና የአንድ አክስል ነው።

የመንግሥት ግዥ ባለሙያዎች ሚና የሚገባውም እዚህ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ጎታችና ተሳቢ በተለያየ ጨረታ፣ አንዳንዴም በተለያየ በጀት ዓመት የሚገዛበት አሠራር አለ። የጎታቹ ዝርዝር መግለጫ የፈረስ ጉልበቱን፣ የተሳቢው ደግሞ የኩንታሉን መጠን ይጠይቃል። ሁለቱ በየፊናቸው መስፈርቱን ያሟላሉ፤ ሲገናኙ ግን ላይስማሙ ይችላሉ። የጎታቹ ክብ ማያያዣ ከኋላ አክስሉ አንጻር የሚቀመጥበት ቦታ በጥቂት ሳንቲሜትር ሲለያይ በፊት አክስሉ ላይ የሚያርፈው ክብደት ይለወጣል። በጣም ወደ ኋላ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ ይቀልላሉ፣ መሪው ይታመማል፤ በጣም ወደ ፊት ከሆነ የ8 ቶኑ ገደብ ይጣሳል። ስለዚህ በሰነዱ ላይ መጠየቅ ያለበት የፈረስ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ባዶ ክብደቱ በየአክስሉ፣ ለእያንዳንዱ አክስልና ጎማ በአምራቹ የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት፣ ማያያዣው መሸከም የሚችለው ቁልቁል ጫና፣ እንዲሁም ጎታቹና ተሳቢው በአንድነት ሙሉ ጭነት ይዘው የሚኖራቸው የየአክስል ስሌት ነው። የመጨረሻውን ተጫራቹ እንዲያቀርብ ማድረግ አንድ ገጽ ወረቀት የሚጨምር ሥራ ነው። ዕቃው ሲረከብም ሙሉ ጭነት ተደርጎበት በሚዛን ላይ ቢወጣ ክርክር አይኖርም። ግሬደርና ኤክስካቫተር ለሚያጓጉዙ ሎቤዶች ይህ ጥንቃቄ በእጥፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የማሽኑ ክብደት እንደ እህል ጆንያ ተቀንሶ የሚወርድ አይደለም።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ አዲስ ጉዳይ ተጨምሯል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ይፋ ከሆነበት ከጥር 2016 ዓ.ም ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ቁጥር እያደገ መጥቷል። የነዳጅ ማስመጫ የውጭ ምንዛሪን ከመቀነስ አንጻር የተወሰደው አቅጣጫ ወደ ጭነት ተሽከርካሪዎች እየሰፋ ሲሄድ የክብደት ስሌቱ እንደገና መሠራት ይኖርበታል። 600 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ የከባድ መኪና ባትሪ ከ3 ቶን በላይ ይመዝናል። ከሚወገደው ሞተር፣ ማርሽና ነዳጅ ክብደት ጋር ከተቻቻለ በኋላም የሚተርፈው ቀላል አይደለም፤ ይህም ከሚጫነው ዕቃ ላይ የሚቀነስ ወይም በመንገዱ ላይ የሚጨመር ነው። በናፍጣና በቤንዚን ፒክአፕ መካከል የታየው ችግር እዚህ ላይ ገዝፎ ይመጣል።

የአውሮፓ ኅብረት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው ሕግ ጭስ አልባ ለሆኑ ከባድ ተሽከርካሪዎች እስከ 2 ቶን ተጨማሪ ጠቅላላ ክብደት ፈቅዷል። በአሜሪካም በፌዴራል ደረጃ 80,000 ፓውንድ በሆነው ጣሪያ ላይ በባትሪ ለሚሠሩ መኪኖች የ2,000 ፓውንድ፣ ማለትም የ907 ኪሎ ግራም ጭማሪ ተሰጥቷል። ሊስተዋል የሚገባው ነገር ግን የአውሮፓው የ2019 ፈቃድ ጠቅላላውን ክብደት የሚመለከት መሆኑና የአክስል ጣሪያውን አለማንሳቱ ነው። ጭማሪውን በየአክስሉ የማከፋፈሉ ሥራ ለአምራቾችና ለባለንብረቶች የተተወ ነው።

በኢትዮጵያ ሁኔታ ይህ ከጥገና ገንዘብ ምንጭ ጋርም ይያያዛል። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም በአዋጅ ሲቋቋም ከገቢ ምንጮቹ ዋነኛው ከነዳጅ ሽያጭ ላይ የሚሰበሰበው ክፍያ ነበር። ነዳጅ የማይቀዳ ከባድ መኪና ይህን ክፍያ አይከፍልም፤ መንገዱን ግን እንደ ሌላው፣ ምናልባትም ከሌላው በላይ ይጠቀምበታል። ሆኖም የፈንዱ መሥራች ሕግ ሲወጣ በነዳጅ ላይ ብቻ የተመሠረተ አልነበረም። በአክስል ክብደት ላይ ተመሥርቶ በየዓመቱ በተሽከርካሪ ፈቃድ እድሳት ወቅት የሚከፈል ክፍያና ከመጠን በላይ በሚጭኑት ላይ የሚጣል ቅጣት በምንጭነት ተዘርዝረውበት ነበር። በየዓመቱ ቦሎ በሚታደስበት ጊዜ የተሽከርካሪው የየአክስል ክብደት በሚዛን ተረጋግጦ ክፍያው በዚያ ላይ እንዲሰላ ለማድረግ የሚያስፈልገው አዲስ የሕግ ሐሳብ ሳይሆን፣ ከ25 ዓመታት በፊት የተጻፈውን በአዲሱ ሁኔታ መጠን መተመን፣ በምርመራ ጣቢያዎችም ጠቅላላውን ክብደት ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን አክስል ለየብቻ የሚለካ ሚዛን መትከል ነው።